ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በላብቪው ስክሪን ላይ ኮንትሮል የመጨመር ዘዴ

በምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር የሚገኝ መጋዘን ዓመቱን ሙሉ አንድ መልክ የለውም። አዝመራው ተሰብስቦ በቆሎው ተፈልፍሎ ሲገባ ጆንያው እስከ ጣሪያ ይደረደራል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ወለሉ ይታያል። ቡሬ አካባቢ ላለ አንድ መጋዘን የክምሮቹን ሙቀት የሚከታተል ፕሮግራም ላብቪው በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ እንድሠራ በተጠየቅሁ ጊዜ መለካቱን ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ያስቸገረኝ የመለኪያዎቹ ቁጥር ከወር ወር መለዋወጡ ነው። ክምር በተጨመረ ቁጥር አንድ መለኪያ በጆንያዎቹ መካከል ይገባል፤ ክምሩ ተሽጦ ሲነሣ መለኪያውም ይነሣል፤ በስክሪኑ ላይ ያሉት የማሳያ ሣጥኖችም ይህን ተከትለው መጨመርና መቀነስ አለባቸው። ይህ መመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚሠራና ካሉት መንገዶች የትኛው መቼ እንደሚመረጥ ያስረዳል። አንባቢው ቪአይ (በላብቪው የሚሠራ ፕሮግራም) መፍጠርን፣ ዋየር ማገናኘትንና ዋይል ሉፕን የሚያውቅ ነው ብዬ እጀምራለሁ።

የተጠቀምሁበት መለኪያ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ነው። እያንዳንዱ መለኪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው የ64 ቢት መለያ ቁጥር ስላለው፣ ብዙዎቹን በአንድ የመረጃ ሽቦ ላይ አያይዞ በየቁጥራቸው መጥራት ይቻላል። ከዜሮ በታች 10 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ስሕተቱ ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም፤ ለእህል ክምር ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ምክንያቱም የምንፈልገው ነቀዝና ሻጋታ ሲባዙ የሚያወጡት ሙቀት አንዱን ክምር ከጎረቤቶቹ ለይቶ ሲያሞቀው ማየት ነው። አርዱዊኖ የሚባል አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በየ5 ደቂቃው ሽቦውን ፈትሾ የተገኙትን መለያ ቁጥሮች ከነሙቀታቸው ለኮምፒውተሩ ይልካል። እንግዲህ ዛሬ ስንት መለኪያ እንዳለ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ተነሥቶ ዝርዝሩን ሲቀበል ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙን በሚሠራው ሰው ጠረጴዛ ላይ አይታወቅም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ላብቪውን ናሽናል ኢንስትሩመንትስ በ1986 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ያወጣው ሲሆን፣ ጂ የተባለው ቋንቋው በጽሑፍ ፋንታ በሥዕል ይጻፋል። እያንዳንዱ ቪአይ ሁለት ገጽ አለው፤ ተጠቃሚው የሚያየው ፍሮንት ፓነልና ፕሮግራሙ የሚሣልበት ብሎክ ዳያግራም። በፓነሉ ላይ የተቀመጠ እያንዳንዱ ኮንትሮል፣ ማለትም ሣጥን፣ ቁልፍ ወይም መብራት፣ በዳያግራሙ ላይ የራሱ ተርሚናል፣ ማለትም ዋየር የሚገናኝበት ምልክት፣ አለው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለግል መማማሪያ በነፃ የሚሰጠው የኮሚዩኒቲ እትም በዚህ መመሪያ የተጻፈውን ሁሉ ለመለማመድ ይበቃል፤ ሆኖም ገቢ ላለው ሥራ ስለማይፈቀድ፣ ለመጋዘን ወይም ለፋብሪካ የሚሠራ ሰው የሥራ ፈቃድ መግዛት ይኖርበታል።

ከሌላ ቋንቋ የሚመጣ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ አዲስ የጽሑፍ ሣጥን ወይም አዲስ ቁልፍ በመስኮቱ ላይ ማብቀል የተለመደ ነው። በላብቪው ግን አንድ ቪአይ መሥራት ከጀመረ በኋላ በፓነሉ ላይ አዲስ ኮንትሮል ሊፈጠርበት አይችልም። ምክንያቱ ዳያግራሙ ከመነሣቱ በፊት ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጎም መሆኑና ለእያንዳንዱ ተርሚናል የሚሆነው የሜሞሪ ቦታ በዚያው ጊዜ ተለክቶ የሚያዝ መሆኑ ነው። ተርሚናል መጨመር ማለት ዳያግራሙን መለወጥ ማለት ስለሆነ፣ ዳያግራሙ ደግሞ እየሠራ ሳለ ስለማይለወጥ፣ በላብቪው «መጨመር» የሚባለው ነገር ሁሉ በእውነቱ አስቀድሞ የተዘጋጀን ነገር አውጥቶ ማሳየት ነው። ይህን የተቀበለ ሰው ሥራው ወዲያው ይቀለዋል፤ ያልተቀበለ ሰው ደግሞ እንደ እኔ ሳምንታት ያባክናል።

ስክሪፕቲንግ የሚባለው መሣሪያ በትእዛዝ ኮንትሮል ይፈጥራል ተብሎ ሊነገራችሁ ይችላል። እውነት ነው፤ ይፈጥራል። ነገር ግን የሚፈጥረው በማይሠራ፣ ለእርማት በተከፈተ ሌላ ቪአይ ላይ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ተጠቃልሎ ወደ ኤግዚኪዩተብል ፋይል (በራሱ ወደሚነሣ ፋይል) ከተለወጠ በኋላ ጨርሶ አይሠራም። ስክሪፕቲንግ የፕሮግራም ሠሪው መሣሪያ ነው፤ 40 አንድ ዓይነት ኮንትሮሎችን በእጅ ከመደርደር ያድናል። መጋዘን ውስጥ ለሚቀመጥ ፕሮግራም ግን አይታሰብ።

የመጀመሪያው መንገድ፤ አዘጋጅቶ መደበቅ

በመጀመሪያ የሠራሁት ፕሮግራም 24 የሙቀት ሣጥኖች በቋሚነት የተደረደሩበት ነበር። የተሰኩት መለኪያዎች 9 ስለነበሩ የቀሩት 15 ሣጥኖች 0.0 ያሳዩ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ከስክሪኑ ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ዜሮ የሚለው የትኛው ክምር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ እነዚያ ገና የሌሉ ክምሮች ናቸው» አልኋቸው። «ከሌሉ ለምን ይታዩኛል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። የሌለ ነገር በስክሪን ላይ መታየት እንደሌለበት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሕግ ይዤዋለሁ፤ ዜሮ ራሱ አንድ የሙቀት ልክ ነውና።

የኮንትሮሎቹ ቁጥር ከ8 ወይም ከ10 እንደማይበልጥ በእርግጥ ከታወቀ ቀላሉ መፍትሔ ሁሉንም አዘጋጅቶ የማይፈለጉትን መደበቅ ነው። ሣጥኖቹን በፓነሉ ላይ በተርታ ያስቀምጡ። በእያንዳንዱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ክሪኤት»ን፣ ከዚያ «ሪፈረንስ»ን ይምረጡ፤ በዳያግራሙ ላይ ኮንትሮሉን የሚያመለክት ትንሽ የሪፈረንስ ምልክት ይወጣል። ምልክቶቹን በ«ቢልድ አሬይ» ወደ አንድ አሬይ፣ ማለትም ተራ ቁጥር ወዳለው ዝርዝር፣ ይሰብስቡና ወደ ፎር ሉፕ ያስገቡ። በሉፑ ውስጥ አንድ ፕሮፐርቲ ኖድ (የኮንትሮልን ባሕርይ የሚያነብብና የሚለውጥ ሣጥን) አስቀምጠው ከሪፈረንሱ ጋር ያገናኙትና «ቪዚብል» የሚለውን ባሕርይ ለመጻፍ እንዲሆን ያድርጉት። የሉፑ ተራ ቁጥር ከተገኙት መለኪያዎች ቁጥር ካነሰ «ትሩ»፣ ካላነሰ «ፎልስ» ይላክለት። ሣጥኑን መደበቅ ሳይሆን ማደብዘዝ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ «ዲሴብልድ» ለሚለው ባሕርይ 2 ይጻፍለት፤ 0 እንዲሠራ ያደርገዋል፣ 1 መልኩ ሳይለወጥ ይከለክለዋል፣ 2 ደግሞ ከልክሎ ግራጫ ያደርገዋል።

ብዙ ባሕርያት በአንድ ጊዜ ሲለወጡ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። ፕሮፐርቲ ኖድ የሚሠራው ስክሪኑን በሚያስተዳድረው አንድ የሥራ ተራ ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ለውጥ ፓነሉን እንደገና ሊያስለው ይችላል። ከሉፑ በፊት የፓነሉን «ዲፈር ፓነል አፕዴትስ» ባሕርይ ትሩ ማድረግ፣ ሉፑ ሲያልቅ ፎልስ ማድረግ ይህን ያቆመዋል። ደካማ ኮምፒውተር ባለበት መጋዘን ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

በዚህ መንገድ ቁልፎችም ካሉ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ ኢቨንት (ቁልፍ ሲጫን የሚነሣ የዳያግራም ክፍል) መጻፍ አያስፈልግም። የቁልፎቹን ሪፈረንሶች በአሬይ ሰብስቦ ለ«ሬጂስተር ፎር ኢቨንትስ» መስጠት ይቻላል፤ ማንኛውም ቁልፍ ሲጫን አንዱ የኢቨንት ክፍል ይነሣል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚገኘው የኮንትሮል ሪፈረንስ የተጫነው የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

ሁለተኛው መንገድ፤ የክላስተር አሬይ

ሁሉም ሣጥኖች አንድ ዓይነት ከሆኑ ከመደበቅ የተሻለ መንገድ አለ። በፓነሉ ላይ ባዶ ክላስተር (የተለያዩ ኮንትሮሎችን በአንድ የሚይዝ ሣጥን) ያስቀምጡና የክምሩን ስም፣ ሙቀቱንና የማስጠንቀቂያ መብራቱን በውስጡ ያኑሩ። ክላስተሩን ባዶ አሬይ ውስጥ ይጣሉት። አሁን አሬዩ ስንት ረድፍ እንደሚያሳይ «ነምበር ኦፍ ሮውስ» በሚለው ባሕርይ እየሠራ ሳለ መወሰን ይቻላል፤ ዘጠኝ መለኪያ ከተገኘ ዘጠኝ ይጻፍለታል፣ ዐሥረኛው ሲሰካ ዐሥር ይሆናል። ረድፎቹ ከስክሪኑ ቁመት ከበለጡ በአሬዩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ የቁመት ስክሮል ባሩን ማውጣት ይበቃል። ክላስተሩን ታይፕ ዴፊኒሽን አድርጎ ማስቀመጥም ይመከራል፤ ነገ የእርጥበት ልክ ሊጨመር ቢፈለግ አንዱን ፋይል ማረም ሁሉንም ያርማል።

ይህ መንገድ በጣም ንጹሕ ነው፤ ለብዙ ሥራም ይበቃል። ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ በአሬይ ውስጥ ያሉ አባላት ዋጋቸው እንጂ መልካቸው አይለያይም፤ የአንዱን ቁልፍ ግራጫ ያደረገ የሁሉንም ግራጫ ያደርጋል፣ የአንዱን ሣጥን ቀለም የለወጠ የሁሉንም ይለውጣል። ሁለተኛ፣ ቻርት፣ ታብ ወይም ሌላ አሬይ በቀጥታ የአሬይ አባል መሆን አይችልም። እኔ ለእያንዳንዱ ክምር የሳምንቱን የሙቀት መስመር ማሳየት ስለፈለግሁ ወደ ሦስተኛው መንገድ ሄድሁ። የአንድ ቀን ሙቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ለሦስት ቀን ያለ ማቋረጥ የወጣ መስመር ግን ክምሩን አፍርሶ ማየት እንደሚገባ ይናገራል።

ሦስተኛው መንገድ፤ ሰብፓነል

ሰብፓነል ማለት በአንድ ቪአይ ፓነል ላይ የተቀመጠና የሌላ ቪአይን ፓነል በውስጡ የሚያሳይ መስኮት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድን ክምር ብቻ የሚያሳይ ቪአይ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይሠራል፤ መለኪያ በተገኘ ቁጥር የዚያ ቪአይ አንድ ቅጂ ተነሥቶ በአንድ ሰብፓነል ውስጥ ይገባል። ቅጂው የራሱ ቻርት፣ የራሱ ቁልፍና የራሱ ቀለም ይኖረዋል።

በክምሩ ቪአይ እንጀምር። በፓነሉ ላይ መለያ ቁጥሩን የሚቀበል የጽሑፍ ኮንትሮል፣ የሙቀት ማሳያ፣ ቻርት፣ የማስጠንቀቂያ መብራትና «አንሣ» የሚል ቁልፍ ይቀመጡ። ሁሉም ወደ ፓነሉ ላይኛው ግራ ጥግ ተጠግተው ይቀመጡ፤ ሰብፓነሉ የሚያሳየው ከዚያ ጥግ ጀምሮ ነው። በፓነሉ ዳር ባሉት ስክሮል ባሮች ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ ሁለቱንም «ኦልዌይስ ኦፍ» ማድረግ እንዳይረሳ፤ ካልሆነ በዋናው ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ትንሽ መስኮት የራሱን ስክሮል ባር ይዞ ይመጣል። ከዚያ ከፋይል ሜኑ «ቪአይ ፕሮፐርቲስ»ን፣ በውስጡም «ኤግዚኪዩሽን» የሚለውን ገጽ ይክፈቱና ቪአዩን ሪኤንትራንት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቅጂ አስቀድሞ የተለየ ቦታ የሚይዝ ያድርጉት። ይህ ካልተደረገ ሁሉም መስኮቶች አንዱን ቪአይ ስለሚሻሙ ከሁለተኛው መለኪያ ጀምሮ ስሕተት ይመጣል።

የቻርቱን የታሪክ ርዝመትም በዚሁ ጊዜ ያስተካክሉ። ካልተነካ 1024 ነጥብ ብቻ ይይዛል፤ በየ5 ደቂቃው አንድ ነጥብ ቢመጣ ይህ ሦስት ቀን ተኩል ገደማ ነው። ሠላሳ ቀን እንዲታይ 8640 ነጥብ ያስፈልጋል።

የክምሩ ቪአይ መረጃውን ከየት ያገኛል? እያንዳንዱ ቅጂ ወደ አርዱዊኖው የሚወስደውን ፖርት ለመክፈት ከሞከረ ይጋጫሉ፤ ፖርቱን መክፈት ያለበት ዋናው ቪአይ ብቻ ነው። ዋናው ቪአይ ለእያንዳንዱ መለኪያ በመለያ ቁጥሩ የተሰየመ ኪው (መረጃ በተራ የሚተላለፍበት ወረፋ) ይፈጥራል። ቅጂው በዚያው ስም «ኦብቴይን ኪው» ሲል ላብቪው ያንኑ ኪው ይሰጠዋል፤ ከዚያ በሉፕ ውስጥ «ዲኪው» እያለ አዲስ ሙቀት እስኪመጣ ይጠብቃል። በቅጂው በኩል «ከሌለ ፍጠር» የሚለው ግቤት ፎልስ መሆን አለበት። አለበለዚያ ዋናው ቪአይ ኪውን ካጠፋው በኋላ ዘግይቶ የተነሣ ቅጂ ማንም መረጃ የማይልክበትን አዲስ ኪው ፈጥሮ ለዘላለም ይጠብቃል። የቅጂው ማቆሚያም ይኸው ኪው ነው፤ ዋናው ቪአይ ኪውን በግድ ሲያጠፋው «ዲኪው» ስሕተት ይመልሳል፣ ሉፑም በዚያ ስሕተት ይቆማል። የተለየ የማቆሚያ መንገድ መሥራት አያስፈልግም።

ወደ ዋናው ቪአይ እንመለስ። ከኮንቴይነር ክፍል ሰብፓነል ወስደው በፓነሉ ላይ ያስቀምጡ። በዳያግራሙ ላይ እንደ ሌላው ኮንትሮል ተርሚናል አይወጣም፤ በምትኩ «ኢንሰርት ቪአይ» የሚል ኢንቮክ ኖድ (ትእዛዝ የሚፈጸምበት ሣጥን) ይወጣል። እኔ በአራት ዓምድና በሁለት ረድፍ 8 ሰብፓነሎችን ደርድሬ ሪፈረንሶቻቸውን በአሬይ ሰበሰብሁ። ሰብፓነልም ራሱ እየሠራ ሳለ ሊፈጠር ስለማይችል ቁጥሩ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ከስምንት የሚበልጠው እንዴት እንደሚስተናገድ ከታች ይገኛል።

አዲስ መለያ ቁጥር ሲገኝ የሚሠራው ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። በቁጥሩ ስም ኪው ይፈጠራል። «ኦፕን ቪአይ ሪፈረንስ» በክምሩ ቪአይ አድራሻ ይጠራል፤ በአማራጭ ግቤቱ ላይ 8 ይጻፍለታል። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፣ ሥራው ግን የጠቅላላው ዘዴ መሠረት ነው፤ በተጠራ ቁጥር አዲስ ቅጂ እንዲሰጥ የሚያደርገው እርሱ ነውና። ከዚያ «ኮንትሮል ቫሊዩ ሴት» በሚለው ኢንቮክ ኖድ መለያ ቁጥሩ ወደ ቅጂው የጽሑፍ ኮንትሮል ይላካል። እዚህ ላይ የኮንትሮሉ ሌብል በፊደልም በክፍተትም አንድ ሳይዛነፍ መጻፍ አለበት። ቀጥሎ «ራን ቪአይ» ይጠራል፤ «እስኪያልቅ ጠብቅ» የሚለው ግቤት ፎልስ ይሁን፣ ትሩ ከሆነ ዋናው ቪአይ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። «ሪፈረንሱን በራስህ አስወግድ» የሚለውም ፎልስ ይሁን፣ ሪፈረንሱን በኋላ እንፈልገዋለን። በመጨረሻ ባዶ በሆነው ሰብፓነል ላይ «ኢንሰርት ቪአይ» ተጠርቶ ሰብፓነሉ እንዲታይ ይደረጋል። መለያ ቁጥሩ፣ ኪውና የቪአይ ሪፈረንሱ፣ እንዲሁም የሰብፓነሉ ተራ ቁጥር በአንድ ክላስተር ተጠቃልለው በመዝገብ አሬይ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መዝገቡም ዋጋን ከአንድ ዙር ወደ ቀጣዩ በሚያሻግረው የዋይል ሉፑ ሺፍት ሬጂስተር ላይ ይዞራል።

ቁጥሩ አዲስ መሆኑን ለማወቅ በመዝገቡ ካሉት ቁጥሮች መካከል በ«ሰርች 1ዲ አሬይ» ይፈለጋል፤ −1 ከመለሰ አዲስ ነው።

አንድ የታወቀ ስሕተት ልጥቀስ። የክምሩን ቪአይ ለማረም ከፍተው በራሱ መስኮት ከተዉት «ኢንሰርት ቪአይ» አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ፓነሉ በራሱ መስኮት የተከፈተ ቪአይ በሰብፓነል ውስጥ አይገባምና። እንዲሁም አንድ ቅጂ በሁለት ሰብፓነሎች ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊታይ አይችልም።

ስለ ማንሣት

መለኪያ ከዝርዝሩ ሲጠፋ መስኮቱን ወዲያው ማጥፋት ትክክል ይመስላል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። አንድ ሰሞን ከክምሮቹ አንዱ መሞቅ ጀምሮ ሳለ አይጥ ሽቦውን ቆረጠችው። መለኪያው ከዝርዝር ጠፋ፤ ፕሮግራሙም መስኮቱን አጠፋው፤ ማታ ተረኛ የነበረው ልጅ ክምሩ ተነሥቷል ብሎ አለፈው። ክምሩ ሲፈርስ ከውስጥ ያሉት ጆንያዎች ሻግተው ተገኙ። ያ እህል የሰው የዓመት ልፋት ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው፦ መጨመሩ በራሱ ይሁን፣ መቀነሱ ግን በሰው እጅ ይሁን። መለኪያ ሲጠፋ የመስኮቱ ቀለም ይለወጥ፣ «መለኪያው ጠፍቷል» የሚል ምልክትና የመጨረሻው ንባብ የመጣበት ሰዓት ይታይ፤ የሚነሣው ግን ኃላፊው በዚያ መስኮት ላይ «አንሣ» የሚለውን ሲጫን ብቻ ነው። ቁልፉ ሲጫን ቅጂው መለያ ቁጥሩን ሁሉም ቅጂዎች በሚጋሩት አንድ የመልእክት ኪው ለዋናው ቪአይ ይልካል፤ የክምሩ ቪአይ የቁልፉን ኢቨንት ለብቻው በሆነ ሉፕ መጠበቅ አለበት፤ ሙቀት የሚጠብቀው ሉፕ 5 ደቂቃ ሊቆም ይችላልና። ይህ ሁለተኛው ሉፕ ደግሞ ሙቀት የሚጠብቀው ሉፕ ሲቆም አብሮ መቆም ስላለበት፣ የመጀመሪያው ሉፕ ሲወጣ የሚያስነሣው አንድ ዩዘር ኢቨንት ይዘጋጅለት።

ዋናው ቪአይ መልእክቱን ሲቀበል ቁጥሩን በመዝገቡ ፈልጎ ኪውን በግድ ያጠፋል። ከዚያ ቅጂው መቆሙን «ኤግዚኪዩሽን ስቴት» በሚለው ባሕርይ ያረጋግጣል፤ ሲቆም በሰብፓነሉ ላይ «ሪሙቭ ቪአይ» ይጠራል፣ የቪአይ ሪፈረንሱ ይዘጋል፣ ሰብፓነሉ ይደበቃል፣ በመዝገቡ ያለው ክላስተሩም ይሰረዛል። ቅጂው ሳይቆም ሪፈረንሱን መዝጋት በሥራው መካከል ይቆርጠዋል። ሪፈረንሱን ጭራሽ ሳይዘጉ መተው ደግሞ በተነሣና በተጨመረ ቁጥር ሜሞሪ እያባከነ ይሄዳል፤ ለወራት ሳይጠፋ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ከስምንት በላይ ሲሆን

መለኪያዎቹ ከሰብፓነሎቹ ሲበዙ «ቀጣይ» እና «ቀዳሚ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይጨመሩ። «ቀጣይ» ሲጫን በስምንቱም ሰብፓነሎች ላይ «ሪሙቭ ቪአይ» ይጠራና ከመዝገቡ ቀጣዮቹ ስምንት ይገባሉ። ከሰብፓነል የወጣ ቅጂ ሥራውን አያቆምም፤ ከኪው ያነብባል፣ ቻርቱንም ይሞላል። በሰብፓነል ገና ያልታየ ቅጂ ፓነሉ ሜሞሪ ላይ እንዲኖር በዳያግራሙ ላይ ለቻርቱ አንድ ፕሮፐርቲ ኖድ ማኖር ይበቃል። ማስጠንቀቂያ ያለው ክምር በማይታይ ገጽ ላይ ተደብቆ እንዳይቀር የመዝገቡን ቅደም ተከተል በሙቀት መደርደር ጥሩ ነው፤ የሞቀው ሁልጊዜ በመጀመሪያው ገጽ ይታያል።

የአማርኛ ስሞች

እኔ የምጠቀምበት የላብቪው እትም ጽሑፍን የሚይዘው በኮምፒውተሩ የቋንቋ ኮድ ሠንጠረዥ ነው፤ ለግዕዝ ፊደል ደግሞ እንዲህ ያለ የዊንዶውስ ሠንጠረዥ ስለሌለ «ምሥራቅ በር» ብሎ የጻፈ ሰው የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው ያገኛል። ስለዚህ ከላይ በአማርኛ የጠቀስኋቸው ስሞችና የቁልፍ ጽሑፎች ሁሉ በሥዕል የገቡ ናቸው። የክምር ቦታዎቹን ስም በሥዕል መሣሪያ ጽፌ፣ በየተራ ቀድቼ «ፒክቸር ሪንግ» በሚባለው ኮንትሮል ውስጥ አስገባኋቸው፤ በክምሩ ቪአይ ላይ ቁጥር ሲላክለት ተገቢውን ስም ያሳያል። ለቁልፎቹም እንዲሁ ሥዕል ለጠፍሁ። የኮንትሮሎቹ እውነተኛ ሌብሎች ግን በላቲን ፊደል ተጽፈው ይደበቁ፤ «ኮንትሮል ቫሊዩ ሴት» የሚፈልጋቸው በእነሱ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ስክሪን የሚያይ ጠባቂ ሌሊት ላይ አይሳሳትም።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሮግራሙ ከባዶ ይነሣል። መለኪያዎቹን በራሱ ያገኛቸዋል፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ክምር እንደሆነ ግን አያውቅም። ለዚህ መለኪያ በተጨመረና በተነሣ ቁጥር መለያ ቁጥሩና የቦታው ስም ተራ ቁጥር በኮንፊገሬሽን ፋይል ይጻፉ፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ከአርዱዊኖው በፊት ያንን ፋይል ያንብብ። በፋይሉ ውስጥ ኖሮ በሽቦው ላይ ያልተገኘ መለኪያ ካለ ከላይ እንደተባለው «ጠፍቷል» ተብሎ ይታይ። ፋይሉ በየለውጡ ይጻፍ፤ ሲዘጋ ብቻ የሚጻፍ ፋይል መብራት በድንገት በሚጠፋበት አገር ዋጋ የለውም።

ወደ ኤግዚኪዩተብል ሲለወጥ

በጠረጴዛ ላይ የሠራ ፕሮግራም መጋዘን ሲደርስ «ቪአዩ አልተገኘም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፦ የክምሩ ቪአይ በአድራሻ ብቻ የሚጠራ ስለሆነ ፕሮግራሙን የሚያጠቃልለው መሣሪያ ቪአዩ እንደሚያስፈልግ አያውቅም። መፍትሔው በዋናው ዳያግራም ላይ «ስታቲክ ቪአይ ሪፈረንስ» አስቀምጦ በክምሩ ቪአይ ላይ ማመልከትና አድራሻውን ከእርሱ ባሕርይ ማንበብ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ቪአዩ አብሮ ይጠቃለላል፣ አድራሻውም በፎልደር መለወጥ አይበላሽም። በማጠቃለያ ቅንብሩ ውስጥም የክምሩ ቪአይ ፍሮንት ፓነል እንዳይወገድ መደረጉን ይመልከቱ።

መጋዘኑ ውስጥ ከመተከሉ በፊት የመጨረሻው ፈተና እንዲህ ይደረጋል። ሁሉም መለኪያዎች በጠረጴዛ ላይ ይሰኩና መስኮቶቹ መውጣታቸው ይታይ። ለፈተናው የንባቡን ጊዜ ከ5 ደቂቃ ወደ 2 ሰከንድ ያሳጥሩ። አንዱን መለኪያ በጭብጥዎ ይያዙ፤ ወዲያው በስክሪኑ ላይ አንድ መስመር መውጣት ይጀምራል። መስመሩ የወጣበትን መስኮት ስም በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፈው በዚያው መለኪያ ሽቦ ላይ ይጠቅልሉት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ።